ቀይ የተቀባው ብረት

ናንድላል ፒትሮዳ የቀን እንቅልፋቸውን ያጡት በመንግሥት ምክንያት ነው። ቢያንስ እሳቸው ላገኙት ሰው ሁሉ የሚያወሩት እንደዚያ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ክፍላቸውን የወሰደችባቸው የታናሽ ወንድማቸው ሚስት ታሩላታ ናት። ራጅኮት ከተማ ውስጥ ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ሱቁ ይዘጋል፣ ማሽኑ ዝም ይላል፣ ውሻው ከጋሪ ሥር ይጋደማል። ናንድላልም ከቤተሰቡ የብረት ፋብሪካ ጀርባ ባለችው ቀዝቃዛ ክፍል ጎናቸውን ያሳርፉ ነበር። ታሩ አልጋውን አስወጥታ በቦታው የብረት ጥንካሬ መለኪያ ማሽን፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃና የፋልጉኒን ጠረጴዛ አስገባች። ፋልጉኒ ለምርመራው ሥራ የተቀጠረች የብረት ባለሙያ ናት።

«ከኔ ወገብ ይህ ማሽን በለጠ ማለት ነው?» አሉ ናንድላል በሩ ላይ ቆመው።

«ማሽኑ ከሌለ የጥራት ምልክቱ ፈቃድ የለም፣ ሞታባይ። ፈቃዱ ከሌለ ደግሞ ፋብሪካው ራሱ ይተኛል» አለች ታሩ፣ የሳሪዋን ጫፍ ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ።

ሞታባይ፣ ታላቅ ወንድም፣ ትላቸዋለች። የባል ታላቅ ወንድም ፊት ራስን መሸፈን፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ያደገችበት ነው። በጋብቻ ዘመኗ ሁሉ «አይሆንም» ብላቸው አታውቅም። የማትፈልገው ነገር ሲመጣ ዞር ብላ በሌላ በር ትገባለች እንጂ ፊት ለፊት አትቆምም። ባሏ ኪሪት የጂኦግራፊ መምህር ነው። የብረት ማዕድን በየትኛው አገር እንደሚወጣ ለተማሪ ያስተምራል እንጂ አንድ ዘንግ በእጁ አንስቶ አያውቅም። ስለዚህ የእሱን ድርሻ ይዛ ፋብሪካው ውስጥ የምትውለው እሷ ናት፤ ውላ አድራም የቢሮውን ወንበር ያዘች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሞተር ቫልቭ የሚውል ብረት ሁሉ የጥራት ማረጋገጫ ምልክት ይኑረው ተብሎ ታወጀ፤ በውድም በግድም። ቫልቭ እሳት መሃል ቆሞ ሲከፍትና ሲዘጋ የሚውል ነገር ነው። ብረቱ ደካማ ከሆነ አንገቱ ይቆረጥና ፒስተኑ ላይ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ የአንዱ ገበሬ የጥጥ ማሳ ውሃ እንደተጠማ የመሳቢያ ሞተሩ አበቃለት ማለት ነው። ትእዛዙ የሚጸናው ሰዉ ቀለም ከሚረጫጭበት ከመጋቢቱ የሆሊ በዓል በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምልክት የሌለውን የሚሸጥም የሚገዛም ይከሰሳል። ከፒትሮዳ ፋብሪካ የሚወጣው ብረት አብዛኛው ወደ ቫልቭ ሠሪዎች የሚሄድ ነው። ለብሎንና ለማጠፊያ የሚሆነው ተራ ብረት ትርፉ ከሻይ ወጪ አያልፍም።

ትልቁ ደንበኛቸው፣ ቫልቭ ሠሪው ራሲክባይ፣ «ታሩቤን»፣ እህት ታሩ፣ እያለ ቁርጡን በስልክ ነገራት።

«ታሩቤን፣ አባቴና አማትሽ ከአንድ ማሰሮ ሻይ የጠጡ ናቸው። ቢሆንም ምልክት የሌለው ብረት ካስገባሁ የሚታሸገው የኔ በር ነው። ወይ ፈቃዱን ይዘሽ ነይ፣ ወይ አትምጪ።»

ናንድላል ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «ምልክታችን ስማችን ነው። ራጅኮት ውስጥ የፒትሮዳ ብረት ሲባል ማን ይጠይቃል?»

«ራጅኮትማ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሕጉ ነው፣ ሞታባይ።»

የፈቃድ ማመልከቻዋ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። መጀመሪያ የትልቁ ምድጃ ሙቀት መለኪያ አልተፈተሸም ተባለች፤ አስፈተሸች። ቀጥሎ ላቦራቶሪው፣ ያቺ የመኝታ ክፍል፣ ከአቧራ የተከለለ አይደለም ተባለች፤ አስከለለች። ኪሪት «ሦስተኛም ቢመልሱትስ?» ቢላት «አራተኛ አስገባለሁ» አለችው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ በመጨረሻ የተቆጣጣሪው መምጫ ተቆረጠ። ከመብራት በዓሉ ከዲዋሊ እረፍት በኋላ ፋብሪካው በተከፈተ በሦስተኛው ቀን፣ አሥር ሰዓት ላይ። ሰውየው ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ይህ ቀን ካለፈ የሚቀጥለው ተራ የሚደርሳቸው ከሆሊ በኋላ ነው። ከሆሊ በኋላ ደግሞ ፋብሪካውን ዘግቶ ቁልፉን ወንዝ መጣል ነው።

ታሩ ሠራተኞቹን ሰብስባ ሥርዓቱን አስጠናቻቸው። እስከዚያ ድረስ የትኛው ዘንግ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በልማድ ነበር፤ «ያ ከምሰሶው አጠገብ ያለው» ይባላል፣ ይወሰዳል። አሁን ግን የቫልቭ ብረት የሆነው ሁሉ ጫፉ ቀይ የዘይት ቀለም ይቀባል፤ ተራው ሳይቀባ ይቀራል። ቀይ ጫፍ ያለው አንደኛው መደርደሪያ ላይ፣ የሌለው ሁለተኛው ላይ።

«ሁለቱን ለዓይን የሚለያቸው ነገር የለም። ስለዚህ አታስቡ፣ አትገምቱ፣ ማንንም አትጠይቁ። ጫፉን እዩ፤ ቀይ ከሆነ አንደኛው መደርደሪያ» አለች።

ካቦው ባቹ ራሱን ነቀነቀ። ባቹ ሱፓሪ የሚባለውን ፍሬ እያኘከ ሁሉንም ነገር በራስ ንቅናቄ የሚጨርስ ሰው ነው። ናንድላል ግን «ቀለም ለሆሊ ነው» ብለው ስብሰባው ሳያልቅ ወጡ።

ዲዋሊ መጣ፣ ርችቱ ተተኮሰ፣ እረፍቱ አለቀ። ፋብሪካው በሚከፈትበት ቀን፣ እንደ ደንቡ፣ መጀመሪያ ማሽኖቹ ይባረካሉ። ታጥበው፣ የአበባ ጉንጉን ለብሰው፣ በእያንዳንዳቸው ግንባር ላይ ናንድላል በቀለበት ጣታቸው ቀይ የኩምኩም ዱቄት ነጥብ ያደርጋሉ፣ ሩዝ ይበትናሉ። ምድጃውን ባረኩ፣ ቶርኖውን ባረኩ፣ መሞረጃውን ግራይንደር ባረኩ። ከዚያ ታሩ ያልጠበቀችውን አደረጉ፤ ወደ ቀድሞ መኝታ ክፍላቸው ገብተው ያንን የጠሉትን የመለኪያ ማሽን ነጥብ አደረጉለት።

«አንተም እንግዲህ የቤት ሰው ሆነሃል» አሉት ማሽኑን።

ታሩ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ስድስት ወር ሙሉ ብቻዋን የገፋችው ጋሪ ላይ አንድ እጅ የተጨመረላት መሰላት። በቀኑ ልማድ መሠረት ለደንበኞች ጣፋጭ ልታደርስ ደስ ብሏት ወጣች፣ ቀኑን ሙሉም አልተመለሰችም።

እሷ ከወጣች በኋላ ናንድላል ወደ ዘንጎቹ ዞሩ። ልባቸው የዚያን ቀን ሰፍቶ ነበር፤ ይህች ሴት እንደዚህ ከለፋች እኔም ላግዛት ብለዋል። አንደኛው መደርደሪያ ላይ ያሉት ጫፋቸው ቀልቷል። ሁለተኛው ላይ ያሉት ባዶ ናቸው። እነዚህ ምን በደሉ? ኩምኩሙን ሞከሩ፤ ዘይት የነካው ብረት ላይ አልይዝ አለ። የታሩ ቀይ ቀለም ቆርቆሮ እዚያው አጠገባቸው ነበር። ወገባቸውን እያሻሹ፣ ጸሎታቸውን እያነበነቡ፣ አንዱንም ሳይዘሉ የሁሉንም ጫፍ ቀቡ። ከዚያ በፊት ለብረት እንዲህ ደክመው አያውቁም።

በማግስቱ ባቹና ሠራተኞቹ ግቢውን ለእንግዳው ሲያሰናዱ ቀይ የሆነውን ሁሉ አንደኛው መደርደሪያ ላይ ደረደሩት። ልክ እንደተማሩት። ታሩ ሙሉውን መደርደሪያ አይታ «እንደዚህ ነው ሥራ» ብላ አመሰገነቻቸው። ከዚያው ላይ አንድ እስር ለራሲክባይ ተጫነ።

ተቆጣጣሪው በሚመጣበት ቀን ረፋድ ላይ ፋልጉኒ ለልምምድ አንድ ዘንግ ቆርጣ፣ በምድጃ አግላ፣ ዘይት ውስጥ ነከረችና ለካችው። ለሰለሰባት። ሌላ ቆረጠች፤ ደህና ሆነ። ሦስተኛው እንደገና ለሰለሰ። ፊቷ አመድ መስሎ ወደ ቢሮ መጣች።

«ታሩቤን፣ አንደኛው መደርደሪያ ላይ ያለው ሁሉ የቫልቭ ብረት አይደለም።»

ታሩ ሮጣ ወጣች። ባቹን ጠራችው። ባቹ አንድ ዘንግ አንስቶ ግራይንደሩ ላይ አስነካው፤ ነጭ ፍንጣሪ እንደ ዲዋሊ ርችት ተበተነ። ሌላ አስነካ፤ አጭር፣ ድብዝዝ ያለ ቀይ ፍንጣሪ ወጣ። የቫልቭ ብረት እንደዚህኛው ነው፤ ቆጠብ ያለ። ያኛው ተራ ብረት ነው።

«ባቹባይ፣ መደርደሪያው በአንድ ሌሊት እጥፍ ሲሆን ምንም አላሰብክም?»

«አታስብ አሉኝ፤ አላሰብኩም» አለ ባቹ። ሊያሾፍ አልነበረም፤ ስለዚህ የበለጠ ቆረጣት።

ናንድላል ጋንቲያቸውን፣ የሽምብራ ጥብሱን፣ በቃሪያ እየበሉ ከጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። «ምን ሆናችሁ? የሞተ ሰው ያያችሁ ትመስላላችሁ እኮ።»

«ሞታባይ፣ እነዚህን ዘንጎች የቀባቸው ማን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«እኔ ነኛ» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «ግማሹን ባርከሽ ግማሹን ትተሽው ነበር። ሁሉንም ጨረስኩልሽ።»

ፋልጉኒ አፏን ከፈተች። ታሩ እግሯን ረገጠቻት። ምን ይባላል? ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ በፍቅር የሠሩት ሥራ ነው ያፈረሳት። ባቹ ግን ሁለቱን ዘንጎች ተራ በተራ ግራይንደሩ ላይ አስነካቸው። ናንድላል ከአንጥረኛ ቤት የተወለዱ ሰው ናቸው፤ ፍንጣሪ አይነገራቸውም። ጋንቲያው እጃቸው ላይ ቀረ።

«ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» አሉ በመጨረሻ።

«አሥር ሰዓት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሁሉንም ግራይንደሮች አስነሺ።»

የዚያን ቀን የፒትሮዳ ፋብሪካ አልተኛም። ዘንግ ተነሥቶ ጫፉ ይሞረዳል፣ ፍንጣሪው ይታያል፤ ደብዛዛው ወደ ቀኝ፣ ነጩ ወደ ግራ። የወጣውን ባቹ ያያል፣ ባቹ ያየውን ናንድላል እንደገና ያያሉ። የጎረቤቱ ባለፋብሪካ ከአጥር በላይ ራሱን ብቅ አድርጎ «እናንተ ሰዎች ሃይማኖት የላችሁም? ሰው ይተኛ እንጂ» ብሎ ጮኸ።

ተቆጣጣሪው ሱኩማራን የሚባል የደቡብ ሰው ነው፤ የራጅኮትን የቀን እንቅልፍ አያውቅም። ባቡሩ ቀድሞ ስላደረሰው ከቀጠሮው በፊት መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ተኝቶ አንድ ግቢ ብቻ እሳት ሲረጭ አየና ገባ። በአንድ እጁ ቦርሳ፣ በአንድ እጁ የራሱን የውሃ ጠርሙስ ይዟል።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ጽዳት ነው፣ ጌታዬ ሳሄብ» አለ ባቹ ፈጠን ብሎ። «ለእርስዎ ክብር።»

ታሩ ሰውየውን አየችው፣ የቀኙን ክምር አየች። የቀኙ ክምር ንጹሕ ነው። ከዚያ ላይ አንድ ዘንግ ቢያነሳ ያልፋል፤ ምንም ሳትዋሽ ዝም ብትል ብቻ ይበቃል። ልቧ ዝም በይ አላት። ግን የሚያልፈው ዘንጉ ነው እንጂ ፋብሪካው አይደለም። ይህንን ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቀው አልነበረም።

«ጽዳት አይደለም» አለች። «መደርደሪያችን ተደባልቋል። ተራ ብረት ቀይ ተቀብቶ ከቫልቭ ብረት ጋር ገብቷል፤ እየለየን ነው።»

ሱኩማራን ቦርሳውን መሬት ላይ አኖረ። «ማን ቀባው?»

«የቀለሙን ሥርዓት ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«አታድበስብሺ፣ ታሩ» አሉ ናንድላል። «እኔ ነኝ የቀባሁት፣ ሳሄብ። በመክፈቻው ቀን፣ ለበረከት። እናንተ አገር ብረት አይባረክም?»

«ይባረካል። እናቴ ሞተር ብስክሌቴን በጎማው ለበረከት ሎሚ ሳታስረግጥ አታስነሳኝም። ግን በዘይት ቀለም አይደለም።» አልሳቀም። «ከዚህ መደርደሪያ፣ ከተቀባ ወዲህ፣ ወደ ውጭ የወጣ አለ?»

«የለም፣ ሳሄብ» አለ ባቹ።

«አለ» አለች ታሩ። «ትናንት አንድ እስር ለራሲክባይ ሄዷል። ቫልቭ ሠሪ ነው።»

ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየ። «እንግዲያው የናንተን መደርደሪያ ማየት ምን ይሠራልኛል? ያ እስር ነው ጉዳዩ። ባቡሬ ማታ ነው። እስከዚያ እጠብቃለሁ። ሙሉውን መልሳችሁ ካሳያችሁኝ ናሙና እወስዳለሁ። አንድ እንኳ ከጎደለ ያየሁትን ጽፌ እሄዳለሁ፤ ተራችሁን እንደገና ትጠብቃላችሁ።»

ታሩና ናንድላል የጭነት ባጃጅ ላይ ከሾፌሩ ጎን ተጣበው ተቀመጡ። መንገድ ላይ ናንድላል «ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል» አሉና «እኛ ግን አቃጠልነው» ብለው ጨረሱት።

ራጅኮት ውስጥ በቀን የተኛን ሰው የሚቀሰቅስ ወይ እሳት ተነሥቷል ወይ ሰው ሞቷል። ራሲክባይ በካናቴራው፣ ፀጉሩ ቆሞ ወጣ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ትናንት የላክንልህን እስር ልንወስድ ነው» አሉ ናንድላል።

«ለዚህ ነው የቀሰቀሳችሁኝ?»

«ውስጡ ተራ ብረት ገብቷል። ጥፋቱ የኔ ነው። በገዛ እጄ ቀይ ቀብቼ ነው የሰጠሁህ።» አርባ ዓመት ሙሉ ስማችን ምልክታችን ነው ያሉ ሰው ናቸው። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ዓይናቸውን ግን ከመሬት አላነሱም።

ራሲክባይ ወደ እሷ ዞረ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ፈቃድ ላምጣ ስትዪ ደንበኛ ልታጪ ነው?»

«ላጣህ እችላለሁ፣ ራሲክባይ። ብረቱን ግን ስጠኝ።»

ዘንጎቹ ወጡ። ጥቂቶቹ ግን፣ ትራፊያቸው እንደሚያሳየው ተራዎቹ፣ ጠዋት ተቆርጠው፣ በመዶሻ ማሽን ተቀጥቅጠው ቫልቭ ሆነዋል። ገና ያልተሞረዱ ቫልቮች፣ ከሌላ ፋብሪካ ብረት ከተሠሩት ጋር በአንድ ትልቅ የብረት ሳጥን ውስጥ ተዘርግፈዋል።

«እሱን ተዪው» አለ ራሲክባይ። «እፍኝ ነው። ማን ይለየዋል?»

ቀኑ እየመሸ ነው። ሳጥኑ ጥልቅ ነው። «ሳጥኑን በሙሉ አስገልብጥልኝ» አለች ታሩ።

«አበድሽ?»

«ግራይንደርህ የት ነው?»

ተቀመጡ። አንድ በአንድ የቫልቩን እግር ጫፍ አስነኩ፤ ደብዛዛ፣ ደብዛዛ፣ ደብዛዛ፣ ነጭ። የታሩ እጅጌ በፍንጣሪ ተበሳሳ፣ ጣቶቿ ጠቆሩ። ናንድላል አጠገቧ ቁጢጥ ብለው ዓይናቸው እስኪያለቅስ አዩ። ራሲክባይ በመጀመሪያ ወገቡን ይዞ ሲያጉረመርም ቆየ። ቀጥሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ኋላ ራሱ ከሳጥኑ እያነሳ ያቀብላት ጀመር፤ ማጉረምረሙን ግን አልተወም። ከእነሱ ተራ ብረት የተሠራው ሁሉ በቆረጡት ዘንግ ልክ እስኪሞላ ድረስ አልተነሡም።

ሲወጡ ራሲክባይ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ አቆማቸው። «ፈቃዱ እስኪመጣ አንድ ዘንግ እንዳትልኪ፣ ታሩቤን። ሕጉ እስከ ሆሊ ቢፈቅድልሽ እንኳ እኔ አልፈቅድልሽም። ብትዋሺኝ ኖሮ ባላወቅኩ ነበር፤ ግን አሁን አውቄያለሁ፤ እና ፈራሁ።»

ተገቢ ነበር። ቢሆንም እንደ ጥፊ ተሰማት።

ሲመለሱ ጀንበሯ ከፋብሪካው ቆርቆሮ ጀርባ ገብታለች። ሱኩማራን ሻይ ቢቀርብለት አልጠጣም፤ ጠርሙሱን ይዞ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ዘንጎቹን ቆጠረ። ቫልቮቹን ከተቆረጠው ጋር አመሳከረ። ሁሉም ሞላ። ከዚያ ብዕሩን አወጣ።

«የመጨረሻ ጥያቄ። እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ እንዳይወጣ የማቆም ሥልጣን ያለው ማነው?»

ባቹ ሱፓሪውን ማኘክ አቆመ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ የቤተሰቡን የዘመናት ሥርዓት የሚነካ ነበር። ታሩ የሳሪዋን ጫፍ ይዛ መሬት መሬት አየች። «እኔ» ብትል ሽማግሌውን በባዕድ ሰው ፊት ማዋረድ ነው። «እሳቸው» ብትል ውሸት ነው፤ እሳቸው ማቆም ሳይሆን መባረክ ነው የሚያውቁት።

«እሷ ናት» አሉ ናንድላል።

«እርስዎ ቢያዙስ? ባለቤቱ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ባዝም።»

ሱኩማራን ጻፈ። ከለዩት ክምር ላይ ራሱ መርጦ፣ አንዱን ከሥር፣ አንዱን ከመሃል አስወጣ። አስቆረጠ። ግማሹ ላቦራቶሪው ውስጥ በዓይኑ ፊት ተለካ፤ ፋልጉኒ ቁጥሩን አነበበች፤ ደህና ነበር። ግማሹን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በሰም አትሞ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። «ውጤቱ ከሌላ ላቦራቶሪ ይመጣል። ካላለፈ አላለፈም» ብሎ ወደ ባቡሩ ሄደ።

የብርዱን ወራት የገፉት በተራ ብረት ነው። ምድጃው በሳምንት ግማሹን ቀን በረደ። ራሲክባይ ከማዶ ካለው ፋብሪካ ይገዛ ነበር፤ መኪናው በበራቸው ሲያልፍ ባቹ ፊቱን ያዞራል። ታሩ ግን አልተቀመጠችም። የቀለሙን ሥርዓት አንስታ በየዘንጉ ጫፍ ቁጥር የሚመታ ማተሚያ አስገባች፤ ቁጥር ከኩምኩም ጋር አይምታታምና። ኪሪት «ባያልፍስ?» ብሎ ቢጠይቃት «የት ጋ እንዳልሆነ ይነግሩኛል፤ እሱን አስተካክላለሁ» አለችው። ሌሊት ግን እንቅልፍ አልነበራትም። ይህን ያወቀ ባሏ ብቻ ነው።

ፈቃዱ ሆሊ ሳይደርስ መጣ። ናንድላል ለሰፈሩ ፔንዳ የሚባለውን የወተት ጣፋጭ አደሉ፤ ለዚያ ሰው ይተኛ ብሎ ለጮኸው ጎረቤት እጥፍ አደረጉለት። ራሲክባይ ስልክ የደወለው በዚያው ሳምንት ነው፤ ለታሩ ሳይሆን ለናንድላል። ማዶ ያለው ፋብሪካ አዘግይቶበታል፣ መዶሻ ማሽኑ ቆሟል፣ አንድ እስር ዛሬውኑ። ናንድላል ቃል ሰጡት። የራሲክባይ መኪና መጣ፣ አዲሱ ምልክት የተመታባቸው ዘንጎች ተጫኑ፣ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ናንድላል በር ከፋች ሆነው ቆመዋል፤ ፊታቸው እንደ ሙሽራ አባት በርቷል።

ታሩ ከላቦራቶሪው ወጣች። «ፋልጉኒ ገና አልጨረሰችም። የዚህ እስር ውጤት ነገ ጠዋት ነው የሚደርሰው።»

«ብረቱ ደህና ነው፣ ታሩ። ፍንጣሪውን እኔ ራሴ አይቼዋለሁ። ለራሲክ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ስንት ወር ጠበቅነው እኮ።»

ታሩም ይህን ታውቃለች። ብረቱ ደህና እንደሆነ እሷም ታምናለች። ራሲክባይ እንደገና ቢሄድ ምን እንደሚሆን ደግሞ ከማንም በላይ ታውቃለች። ግቢው ውስጥ ያለው ሠራተኛ ሁሉ ሥራውን አቁሞ ያያታል። የሳሪዋ ጫፍ ከራሷ ላይ ተንሸራቶ ትከሻዋ ላይ ወደቀ፤ አልመለሰችውም።

«አይወጣም፣ ሞታባይ» አለች።

የናንድላል ፊት ጠቆረ። ሾፌሩ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሽማግሌውን አየ፤ ከዚያ ሽማግሌውን ብቻ እያየ መሪውን ይዞ ጠበቀ። ናንድላል የግቢውን በር ለቀቁና ቀስ ብለው ወደ መኪናው ሄዱ። በመስኮቱ በኩል እጃቸውን አስገብተው ሞተሩን አጠፉት።

«እኔን ምን ታየኛለህ?» አሉት። «አይወጣም ተብለሃል እኮ። አውርድ።»